ከቴሌቪዥን በላይ የሚሠራ የስፒከር መደርደሪያ

ከቴሌቪዥን በላይ የሚሠራ የስፒከር መደርደሪያ ማለት በቤት ውስጥ ከተቀመጠ ወይም ከተሰቀለ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ አንድ የድምፅ ማጉያ (ስፒከር) የሚያርፍበት አጭር መደርደሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጣውላ ቁርጥራጭ፣ ከጥቂት ብሎኖችና ከማዕዘን ብረት በቤቱ ባለቤት ወይም በሰፈር አናጢ ይሠራል። የጣውላው ወጪ አነስተኛ ነው። የመደርደሪያውን ደኅንነት የሚወስነው ግን ጣውላው ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ነገር፣ ማለትም ግድግዳው ወይም የመደርደሪያው እግር ነው።

ይህ ጽሑፍ የመደርደሪያውን አሠራር በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ሁኔታ ያስረዳል። በዚህ አካባቢ ሦስት ነገሮች ሥራውን ይለዩታል፤ እነሱም የግድግዳው ዓይነት፣ ሙቀቱና የመሬት መንቀጥቀጥ ናቸው።

ስያሜ

በአማርኛ በቤት ውስጥ ከወለል ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ «ቆጥ» ይባላል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረትና ምሳሌም ከዚሁ የመጣ ነው። «መደርደሪያ» የሚለው ቃል ደግሞ «ደረደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን መጽሐፍ፣ ዕቃ ወይም ሸቀጥ በተርታ የሚቀመጥበትን ጣውላ ያመለክታል። «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ለማይክሮፎንም ስለሚውል፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሱቅና በጥገና ቤት የተለመደው «ስፒከር» የሚለው ቃል ተመርጧል።

መደርደሪያው ለምን አስፈለገ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በየቤቱ የነበረው ቴሌቪዥን ከኋላው ትልቅ የመስተዋት ቱቦ ያለው ባለ ሳጥን ቴሌቪዥን ነበር። የዚህ ቴሌቪዥን ሳጥን ሰፊ ጀርባ ስላለው ብዙ ሰው የአበባ ማስቀመጫ፣ ፎቶግራፍ ወይም ትንሽ ስፒከር በላዩ ያስቀምጥበት ነበር። ሆኖም መከላከያ የሌለው የስፒከር ማግኔት የቱቦውን የኤሌክትሮን ጨረር ስለሚያጣምም፣ ስፒከሩ በጣም ሲቀርብ በስክሪኑ ጥግ ላይ የቀለም መበላሸት ይታይ ነበር።

ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲመጣ የማግኔቱ ችግር ቀረ፤ በምትኩ ሁለት ሌሎች ችግሮች መጡ። የመጀመሪያው ቴሌቪዥኑ እየሳሳ ሲሄድ በውስጡ ያለው ስፒከርም ማነሱ ነው። ስፒከሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለሚያይ ድምፁ ግድግዳና ብፌ ነክቶ ይመጣል፤ በዚህም ምክንያት የሰው ንግግር ይደበዝዛል። ሁለተኛው በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ዕቃ የሚያርፍበት ቦታ አለመኖሩ ነው። የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የላይ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ክብደት አይሸከምም፤ በእግሩ ከቆመም በላዩ የተጫነ ነገር በቀላሉ ወደ ፊት ይጥለዋል።

ስለዚህ ተጨማሪ ስፒከር የገዛ ሰው ከሁለት ቦታዎች አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወይ ከቴሌቪዥኑ በላይ። ከሥር ማስቀመጥ ቀላልና አስተማማኝ ነው። ብፌው ጠባብ ሲሆን፣ ከሥር ሪሲቨር ሲቀመጥ፣ ስፒከሩ የቴሌቪዥኑን የሪሞት መቀበያ ሲጋርድ ወይም ትንንሽ ልጆች ስፒከሩን እየነካኩ ሲያስቸግሩ ግን የላይኛው ቦታ ይመረጣል። በካፌና በኳስ ማሳያ ቤትም ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል ስፒከሩ አብሮት ከፍ ይላል።

የይፋት ቆላ ሁኔታ

ሸዋ ሮቢት በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር በኩል ከደጋው ወደ ደብረ ሲና ይወርድና ቆላው ላይ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ልዩነት በእንጨት ላይ በግልጽ ይታያል። በደጋው ቀዝቃዛ አየር ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ወይም ሞራሌ ወደ ቆላው ወርዶ ወዲያው ሲሠራበት፣ በሙቀቱ በፍጥነት ደርቆ ይጣመማል፤ ብሎኑ በገባበት በኩልም ይሰነጠቃል።

በከተማዋና በዙሪያዋ በሚገኙ ቀበሌዎች ሁለት ዓይነት ግድግዳ ይበዛል። አንደኛው የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። ይህ በተርታ በተተከሉ ቋሚ እንጨቶችና በአግድም በተመቱ ማገሮች ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ በላዩ ላይ ልስን ተደርጎለት የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የሚሠራ ግድግዳ ነው። ሁለቱም ግድግዳዎች ከውጭ ሲታዩ በልስንና በቀለም ስለሚሸፈኑ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ብሎን የሚይዙበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የይፋት ቆላ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ሥር ይገኛል። በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በግንቦት ወር መጨረሻ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን በዚያው የደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ በመጠን ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በዚህ አደጋ ማጀቴ ክፉኛ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬ ብዙ ቤቶች ወድቀዋል፤ ዋናው መንገድም ተሰነጣጥቋል። በአዲስ አበባ የነበረውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ፒየር ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ክስተት መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የቀጠለ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተከስቶ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከነዚህ ውስጥ ትልልቆቹ በመጠን ወደ 6 የሚጠጉ ነበሩ።

መካከለኛ ንዝረት ቤት ባያፈርስም በጠርዝ ላይ ያለ ዕቃ ይጥላል። ከቴሌቪዥን በላይ ያለ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስፒከር ሲወድቅ ቴሌቪዥኑን ይሰብራል፤ ከሥሩ ፍራሽ ወይም መጅሊስ ተነጥፎ ልጅ ከተኛ ደግሞ ጉዳቱ ከዕቃ ያልፋል። በዚህ ምክንያት በአካባቢው የሚሠራ መደርደሪያ ክብደት የሚሸከም ብቻ ሳይሆን ዕቃው እንዳይንሸራተት የሚይዝም መሆን አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለአንድ መደርደሪያ ሙሉ ጣውላ መግዛት አያስፈልግም። የሚከተሉት በቂ ናቸው፦

- 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ፣ ወይም በደንብ የደረቀ የእንጨት ጣውላ። የአናጢ ቤት ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ ይበቃል።
- ለማጠንከሪያ አንድ ቁራጭ ሞራሌ።
- የእንጨት ብሎን (ቪቴ) ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ እና የእንጨት ኮላ።
- በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ብቻ፣ በክርን ቅርጽ የታጠፈ ወይም የተበየደ ሁለት ደጋፊ ብረት።
- ለብሎኬት ግድግዳ ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ (ፊሸር)።
- ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጡ አራት ትንንሽ ላስቲኮች።
- መጋዝ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ካቻቢቴ፣ ድሪልና የብርጭቆ ወረቀት። ድሪል የሌለው ሰው ከአናጢ ወይም ከብየዳ ቤት ለጥቂት ሰዓት ሊከራይ ይችላል።

ደጋፊ ብረቱን በብየዳ ቤት ከቁርጥራጭ ማዕዘን ብረት ማሠራት ይቻላል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብረትና ዕቃ እንደሚገኝ ሁሉ፣ በአነስተኛ ከተሞችም ቆራሌዎች ከሚሰበስቡት ብረታ ብረት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆን ማግኘት አያስቸግርም።

ችፑድ ከኮምፖርሳቶ ይረክሳል፤ ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ክብደት ሲጫንበት ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ክብደቱ ሲነሳም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ብሎን ከጠርዙ በኩል ሲገባ ይፈረካከሳል፤ ውሃ ሲነካውም ያብጣል። ችፑድ ብቻ ከተገኘ የጣውላውን ርዝመት ማሳጠርና ከሥሩ ሞራሌ ማስገባት ይገባል።

የክብደት ስሌት

መደርደሪያ በሁለት መንገድ ይበላሻል። ጣውላው ይጎብጣል፣ ወይም ደጋፊው ከግድግዳው ይነቀላል።

የጣውላ መጉበጥ በውፍረቱና በርዝመቱ ይወሰናል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በተቃራኒው በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ቢጨምር መሐል ላይ የተቀመጠ ክብደት ጣውላውን ስምንት ጊዜ ያህል ያጎብጠዋል። ስለዚህ ድጋፎቹን ማቀራረብ ወፍራም ጣውላ ከመግዛት ይረክሳል።

የመነቀል ኃይል ደግሞ እንደሚከተለው ይሰላል። የስፒከሩና የጣውላው ክብደት፣ የክብደቱ መሐል ከግድግዳው ባለው ርቀት ይባዛል፤ ውጤቱ ከደጋፊው የታች ጫፍ እስከ ላይኛው ብሎን ባለው ቁመት ይካፈላል። ለምሳሌ ስፒከሩ 5 ኪሎ ግራም፣ ጣውላው 2 ኪሎ ግራም ቢሆኑና የክብደቱ መሐል ከግድግዳው 12.5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፦

- የደጋፊው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 7 × 12.5 ÷ 5 = 17.5፤ የላይኞቹ ብሎኖች በድምሩ የ17.5 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ውጭ ይጎተታሉ።
- የደጋፊው ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 7 × 12.5 ÷ 20 = 4.4 ገደማ ብቻ ይሆናል።

አንድ ዓይነት ክብደት፣ አንድ ዓይነት ብሎን ሆኖ በደጋፊው ቁመት ብቻ ኃይሉ በአራት እጥፍ ይቀንሳል። በአንጻሩ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ብፌ ላይ ወጥቶ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መደርደሪያ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል፣ በ20 ሴንቲ ሜትሩ ደጋፊ ላይ እንኳ የ19 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ ጉተታ ይፈጠራል። ለስፒከሩ ብቻ የተሠላ ደጋፊ ይህን ላይችል ስለሚችል ጥንካሬው ሁልጊዜ ከስፒከሩ ክብደት በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት።

ራሱን ችሎ የሚቆም መደርደሪያ

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ፣ ቤቱ የኪራይ ቤት ሆኖ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደ ወይም ስለ ግድግዳው ጥንካሬ ጥርጣሬ ካለ፣ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት እግር ያለው፣ የበር ጉበንና መቃን የሚመስል መደርደሪያ መሥራት ይሻላል። ይህ ዓይነቱ ክብደቱን በቀጥታ ወደ ብፌው ወይም ወደ ወለሉ ስለሚያወርድ ግድግዳው ምንም አይሸከምም።

የ32 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም ከእግሩ ጋር 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመቁረጥ በፊት ግን ቴሌቪዥኑን ራሱን በሜትር መለካት ይገባል፤ «32 ኢንች» የሚለው የስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ርዝመት እንጂ ስፋቱን አይናገርም። በግራና በቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በላይ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ሲተው የሚከተሉት ቁራጮች ያስፈልጋሉ፦

- የላይ ጣውላ፦ 87 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ፍሬ።
- እግር፦ 52 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ 2 ፍሬ።
- የጀርባ ማጠንከሪያ፦ 83.4 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ፍሬ (ከሞራሌም ሊሠራ ይችላል)።
- የፊት ማገጃ፦ 87 በ3 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ፍሬ።

የላይ ጣውላውና ሁለቱ እግሮች በአንድነት 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 191 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይወስዳሉ። ሙሉ ኮምፖርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በቁመቱ የተቆረጠ ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ፣ ማለትም የሙሉው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ለሦስቱም ይበቃል።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይከናወናል፦

1. ቁራጮቹ ይለካሉ፣ ይቆረጣሉ፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሁለቱ እግሮች ተደራርበው ቁመታቸው እኩል መሆኑ ይረጋገጣል፤ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ መደርደሪያውን ያንገዳግደዋል።
2. የላይ ጣውላው በእግሮቹ ራስ ላይ ያርፋል። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ አስቀድሞ ከብሎኑ በሚቀጥን ፑንታ ይበሳል፤ ይህ ካልተደረገ እንጨቱ ይሰነጠቃል።
3. በመገናኛው ላይ ኮላ ይቀባል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ሦስት ብሎን ይጠብቃል።
4. የጀርባ ማጠንከሪያው በሁለቱ እግሮች መካከል ከላይ ጣውላው ሥር ይገባና ከሦስቱም ጋር ይታሰራል። ይህ ቁራጭ ትንሽ ቢመስልም መደርደሪያው ወደ ጎን እንዳይንጋደድ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ እሱ አራት ማዕዘኑ በትንሽ ግፊት ይንሻፈፋል።
5. የፊት ማገጃው ከጣውላው የፊት ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል፤ ስፒከሩ በንዝረት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። ማገጃው የስፒከሩን ፊት የሚጋርድ ከሆነ በመሐሉ ይቆረጥና በሁለቱ ጫፍ ብቻ ይቀራል።
6. ኮላው ከደረቀ በኋላ እግሮቹ ከብፌው ጋር በትንንሽ ማዕዘን ብረት ይታሰራሉ። መደርደሪያው ወለል ላይ የሚቆም ከሆነ ከጀርባው በማሰሪያ ከግድግዳው ቋሚ ጋር ይያያዛል። ይህ ማሰሪያ ክብደት አይሸከምም፤ መደርደሪያው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይጠብቃል።

እግሩ ወለል የሚነካ ከሆነ ምስጥን ማሰብ ያስፈልጋል። ምስጥ የአፈር ወለልንና የጭቃ ግድግዳን ተከትሎ ስለሚወጣ የእግሩን ጫፍ በቆርቆሮ ወይም በብረት ማልበስና ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ ይጠቅማል። በእንጨቱ ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ከታየ ምስጥ መግባት ጀምሯል ማለት ነው።

በግድግዳ ላይ የሚሰቀል መደርደሪያ

የጭቃ ግድግዳ። በልስኑና በጭቃው ውስጥ ብቻ የገባ ሚስማር ለፎቶግራፍ ይበቃል፤ ለስፒከር ግን አይበቃም። ስፒከሩ በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጥረው ንዝረት ጭቃውን በሚስማሩ ዙሪያ እያላላ ይሄዳል። ብሎኑ መግባት ያለበት በቋሚው እንጨት ውስጥ ነው። ቋሚው የት እንዳለ ለማወቅ ግድግዳው በጣት መገጣጠሚያ ይንኳኳል፤ ቋሚው ባለበት ቦታ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ይሆናል። ከዚያ በቀጭን ሚስማር ተወግቶ ይረጋገጣል። ሚስማሩ ሳያስቸግር ጠልቆ ከገባ ወይ እንጨት የለም፣ ወይ እንጨቱ በምስጥ ተበልቷል፤ በሁለቱም ሁኔታ መደርደሪያው እዚያ አይሰቀልም። የቋሚዎቹ ርቀት እኩል ስለማይሆን አንድ ረጅም ሞራሌ በሁለት ወይም በሦስት ቋሚዎች ላይ በአግድም ይመታና ደጋፊ ብረቶቹ በሞራሌው ላይ ይታሰራሉ። እንዲህ ሲሆን መደርደሪያው በቴሌቪዥኑ ትክክለኛ መሐል ላይ ሊሆን ይችላል።

የብሎኬት ግድግዳ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብሎኑን የሚይዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፊት ገጽ ብቻ ነው። ድሪሉ በመዶሻ ምት ሲሠራ ይህ ገጽ ከውስጥ በኩል ይሰበራል፤ ቀዳዳው ከውጭ ጠባብ መስሎ ከውስጥ ይሰፋል፤ ፊሸሩም አይጨብጥም። ስለዚህ ብሎኬት ያለ መዶሻ ምት፣ በዝግታ ይበሳል። የፑንታው ውፍረት ከፊሸሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። በመደበኛ ፊሸር ፋንታ ከገጹ በስተጀርባ የሚተጣጠፍ ወይም የሚከፈት ረጅም መሰኪያ ከተገኘ የተሻለ ይይዛል። ከመብሳት በፊት ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው መስመር መወገድ አለበት፤ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መስመር ያልፋል። በሥራው ጊዜ ቆጣሪውን ማጥፋት ይመከራል፤ ድሪሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ከሆነም ከሌላ መስመር ይወሰዳል።

በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ በሁለት ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር ብቻ መደርደሪያ መስቀል አይገባም። የቆላ ሙቀት ማጣበቂያውን ስለሚያለሰልሰው መጀመሪያ ላይ ጠንካራ የመሰለው ከጊዜ በኋላ ይለቃል።

የድምፅ አቅጣጫ

ስፒከር ከጆሮ ከፍታ በላይ ሲቀመጥ ድምፁ ከሰሚዎቹ ራስ በላይ ያልፋል። ስለዚህ የስፒከሩን የኋላ ጫፍ ከፍ በማድረግ ፊቱ ወደ ሰሚዎቹ እንዲያዘነብል ይደረጋል። የሚያስፈልገው ከፍታ በቀላል ስሌት ይገኛል፤ በስፒከሩና በጆሮ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ስፒከሩ ከሰሚው ባለው ርቀት ይካፈላል፤ ውጤቱ በስፒከሩ ጥልቀት ይባዛል። የስፒከሩ ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፦

- የስፒከሩ ከፍታ 120፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ 110፣ ርቀቱ 250 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የኋላው ከፍታ 0.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።
- በዚያው ቤት ሰዎች ወለል ላይ በተነጠፈ መጅሊስ ተቀምጠው ጆሯቸው 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።
- በካፌ ውስጥ ስፒከሩ 220፣ ጆሮ 115፣ ርቀቱ 300 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

በሦስተኛው ሁኔታ ስፒከሩ በጣም ስለሚያዘነብል በላስቲክ ብቻ አይያዝም። ጣውላውን ራሱን አዘንብሎ መሥራት፣ የፊት ማገጃውን ከፍ ማድረግና ስፒከሩን በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። በካፌ ከሥር ሰው የሚቀመጥ በመሆኑ ጥንቃቄው ከቤት ይበልጣል።

የስፒከሩ ፊት ከጣውላው የፊት ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ስፒከሩ ወደ ኋላ ከገባ ድምፁ ከፊቱ ያለውን ጣውላ እየነካ ስለሚንጸባረቅ ንግግር ይደበዝዛል። ከሥሩ የሚደረጉት የከመነዳሪ ላስቲኮች ሁለት ጥቅም አላቸው፤ ንዝረቱ ወደ ጣውላው እንዳይተላለፍና ጣውላው እንዳያንጎራጉር ያደርጋሉ፣ ስፒከሩም እንዳይንሸራተት ይይዛሉ።

ገመድና ሙቀት

ከስፒከሩ የሚወርዱ ገመዶች በእግሩ ወይም በግድግዳው ላይ በመያዣ መታሰር አለባቸው። ተንጠልጥሎ የሚታይ ገመድ ልጅ የሚጎትተው የመጀመሪያ ነገር ነው፤ ገመዱ ሲሳብ ስፒከሩ አብሮ ይመጣል። ሆኖም ከስፒከሩ አጠገብ ትንሽ ትርፍ ገመድ መተው ይገባል፤ ይህ ካልሆነ በንዝረት ጊዜ መሰኪያው ይነቀላል።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በመደርደሪያው ላይ አይቀመጥም። የራሱ ማጉያ ያለው ስፒከር ሲሠራ ስለሚሞቅ ከጀርባው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል፤ በዳንቴል ወይም በጨርቅ መሸፈንም የለበትም። የቤቱ አየር ራሱ ሞቃት በሆነበት በቆላ ይህ ክፍተት ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

መፈተሽና ጥገና

መደርደሪያው ስፒከር ከመጫኑ በፊት በውሃ ይፈተሻል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ለ5 ኪሎ ግራም ስፒከር ባለ 5 ሊትር ሁለት ጄሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ የእጥፍ ክብደት ፈተና ይሆናል። በፈተናው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከቦታው ይነሳል፤ የጄሪካኖቹ ክዳንም በደንብ ይጠብቃል። ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ተወጥሮ የመሐሉ መውረድ በማስመሪያ ይለካል። ከአንድ ቀን በኋላ መጉበጡ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ብሎን ከተላቀቀ ወይም በልስኑ ላይ ስንጥቅ ከታየ መደርደሪያው ማጠንከሪያ ያስፈልገዋል።

ፈተናውን ያለፈ መደርደሪያም በየጊዜው መታየት አለበት። እንጨቱ በቆላው ሙቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ብሎኖቹ ከተሠሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይጠብቃሉ። ከክረምት በኋላ በጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበት መግባቱና ምስጥ መውጣቱ ይታያል። የመሬት መንቀጥቀጥ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት ደጋፊዎቹ፣ ማሰሪያውና በዙሪያቸው ያለው ልስን ይፈተሻሉ። አዲስ ስንጥቅ ከታየ ስፒከሩ ወርዶ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ መደርደሪያው እስኪጠገን ድረስም ከዚያው ሆኖ ይሠራል።